እስካሁን ያልተቀመጡት ሽማግሌ

ሸህ ሰይድ ቤቴ ሲመጡ አይቀመጡም። በርጩማ ባቀርብላቸው፣ ምንጣፍ ባነጥፍላቸው ዘንጋቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። ቆሞ መጠጣት ስለማይወዱ ውሃዬንም አይቀምሱም፤ ያውም በቆቦ ሐሩር። ጎረቤቶቼ የተጣላን መስሏቸው ሊያስታርቁን ሞክረው ነበር። አልተጣላንም። የሚቆሙበት ምክንያት አለ፤ ልነግራችሁም ነው። ግን ከሥሩ ካልጀመርኩት አይገባችሁምና ታገሱኝ።

ዘነቡ እባላለሁ። ከቆቦ ከተማ ዳር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለች ግቢዬ የሽንኩርትና የቲማቲም ችግኝ አፍልቼ ለመስኖ ገበሬዎች እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን አስራ አንድ ዓመት ወታደር ነበርኩ፤ አስር አለቃ ዘነቡ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የቀረውን ዘብ ላይ ሆኜ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ነው የተማርኩት፤ ደንብ አይቀረኝ፣ ማስታወቂያ አይቀረኝ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሑፍ አይቀረኝ።

በመጨረሻዎቹ የወታደርነት ጊዜዎቼ ለሰላም ማስከበር ወደ ጎረቤት አገር ዘመትኩ። የአገሩን ስም አልጽፈውም፤ ሰው እንጂ አገር መክሰስ አልፈልግም። ስንሄድ ለእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ የምትገባ ካርድ ሰጡን። የአካባቢውን ሰው አክብሩ፣ ይህን አታድርጉ፣ ያንን አታድርጉ ትላለች። በሳምንቷ በቃሌ ያዝኳት። አንድ ነገር ግን ካርዷ ላይ አልነበረም፤ እሱን በኋላ ነው የተማርኩት። ሰላም አስከባሪ ወታደር ሲያጠፋ ያዘመተው ድርጅት ያጣራል፣ ወደ አገሩም ይመልሰዋል፤ የሚቀጣው ግን የገዛ አገሩ ሠራዊት ነው። አጥፊው ከነፋይሉ አውሮፕላን ተሳፍሮ አገሩ ይገባል። የተበደለው ሰው እዚያው ይቀራል።

ሥራዬ የካምፑ በር ላይ ነበር። በሩ በገመድ የሚነሳ ረጅም ብረት ነው፤ መኪና ሲመጣ ገመዱን እስባለሁ፣ ሲያልፍ እለቀዋለሁ። ከብረቱ ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የአገሩ ሴቶች ተቀምጠው ለውዝና ደረቅ ዓሣ ይሸጣሉ። ከነሱ አንዷ አቾል ናት። ቁመቷ እንደ ማሽላ አገዳ፣ ሳቋ ደግሞ ከቁመቷ የሚረዝም። እኔ በቋንቋዋ እስከ አስር መቁጠር ተማርኩባት፤ እሷ ከእኔ የወሰደችው “እንደምን አደርሽ” የሚለውን ብቻ ነው። ጠዋትም እንደምን አደርሽ፣ ማታም እንደምን አደርሽ፣ ስትሰናበትም እንደምን አደርሽ። ለወንዶቹም እንደዚያው ነው። የውሃ ቦቴውን የሚነዳው የጎብዬው ልጅ፣ ሃምሳ አለቃ ይመር፣ ባለፈ ቁጥር “ወላሂ ይቺ ልጅ ሴት አደረገችኝ” እያለ ይስቃል።

አለቃችን ሻምበል አዳነ ነበር፤ የዋጃ ልጅ። ለግዳጁ ስሜን ያስገባው እሱ ነው። እናቱ እቴ ብርቄ ደግሞ እናቴ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኔ ሳይነሱ ለቅሶ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ይህንን ያዙልኝ፤ ውለታ ምን እንደሚያደርግ ታዩታላችሁ።

አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቦቴው ወደ በሩ መጣ። መሪውን የያዘው ይመር አልነበረም፤ ሻምበል አዳነ ነው። ይመር በቀኝ በኩል ተቀምጧል፤ ፊቱ አላማረኝም። ሻምበሉ በመስኮት ብቅ ብሎ “ዛሬ እኔ ልሞክራት ብዬ ነው፤ ክፈቺ” አለኝ። ያን መኪና እንዲነዳ ፈቃድ የለውም፤ አውቃለሁ። ግን ሻምበል ነው፤ ገመዱን ሳብኩ።

ቦቴው ውሃ የሞላ ነበር። መታጠፊያው ላይ ጭራው ተወርውሮ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሄደ። ሌሎቹ ዘለው አመለጡ። አቾል የዓሣ ሳህኗን ላንሳ ስትል ጎማው ግራ እግሯ ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሆነው ሰው እስኪሰበሰብ ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው። ሻምበሉ ወርዶ ዞረና የይመርን በር ከፈተ። “ግባ፣ መሪው ጋ ግባ” አለው። ይመር ገባ። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ አየሁ። አቾልም መሬት ላይ ሆና እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ተናገረች። ምን እንዳለች አሁን አልነግራችሁም፤ ተራው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

መርማሪዎች መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ሻምበሉ ጠራኝ። “ዘነቡ፣ የአንድ ቀዬ ልጆች ነን። ይመርን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ይተውታል፤ ሾፌር ነው፣ አደጋ ያለ ነው። እኔ ከሆንኩ ግን የአገር ስም ይጠፋል” አለኝ። በስሜ የተዘጋጀ የምስክርነት ወረቀት ሰጠኝ፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። “ፊቴን ወደ ካምፑ አዙሬ ስለነበር የሚነዳውን አላየሁም” ይላል። ፈረምኩ። የአገሬ ባንዲራ ክንዴ ላይ ተሰፍቶ ሳለ ፈረምኩ። ይመር በሳምንቱ ወደ አገር ተመለሰ። አቾል እግሯ ከጉልበቷ በታች መቆረጡን ሰማሁ፤ ልጠይቃት አልሄድኩም። ጊዜያችን አልቆ እኛም ተመለስን፤ እኔ ተሰናብቼ ቆቦ ገባሁና ችግኝ ማፍላት ጀመርኩ።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ረቡዕ ከቀትር በፊት የችግኝ መደቦቼን ውሃ ሳጠጣ ስልኬ ጮኸ።

“ዘኑ፣ ይመር ነኝ።”

“የቱ ይመር?” አልኩ፤ እያወቅሁት።

“ሴት ያደረገችው ይመር።”

የውሃ ማጠጫውን አስቀመጥኩ።

“ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው ብለውኝ ነበር” አለኝ። “ፋይሉ ሲንከባለል ቆይቶ አሁን ፍርድ ቤት ደረሰ። እስርም መባረርም አለበት። ስለዚህ እውነቱን ተናገርኩ፤ የነዳሁት እኔ አይደለሁም አልኩ። ማን አየ አሉኝ። በሩ ላይ ዘነቡ ነበረች አልኩ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ቆቦ ትመጣለች፤ ቀበሌው አዳራሽ። ሳትሰሚ እንዳትደርስብሽ ብዬ ነው።”

“ምን ልበል ይመር?”

“አልለምንሽም ዘኑ። እኔም ፈርሜ ነበር።” “ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ አትዪኝም?” አለ። ሳልመልስ ስልኩን ዘጋው።

ያን ቀን ችግኞቼን ሁለት ጊዜ አጠጣኋቸው። ምሳም አልበላሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ባጃጅ ከአጥሬ ውጭ ቆመ። ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። ሸህ ሰይድ፣ የንስሐ አባቴ ቄስ ሞላ፣ እና የሻምበል አዳነ አጎት አያ ደርሶ። ገብተው በመደቦቹ መሀል ባለችው መተላለፊያ ላይ ተሰለፉ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሮጬ በርጩማ አመጣሁ።

“አንቀመጥም” አሉ አያ ደርሶ። “ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን። እሺ ስትዪን እንቀመጣለን።”

በእኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ለጉዳይ ሲመጣ ይቆማል፤ እሺ እስክትሉት ይቆማል። አረጋዊ በፀሐይ አቁሞ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ከዕድር ያስወጣል ባይባልም ከሰው አፍ አያስወጣም።

“ምኑን ነው እሺ የምለው?” አልኩ።

“መጀመሪያ እሺ በይ።”

“ሳልሰማ?”

“ሽማግሌ ሲመጣ እንዲያ ነው።”

“አያ፣ እኔ ያልሆነ ነገር ላይ ፈርሜ…” ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት። ‘ፈርሜ አላውቅም’ ልል ነበር። አውቃለኋ።

ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ሦስቱም ያዩኛል። ያኔ ምን እንደገባብኝ እንጃ፤ በርጩማዎቹን አንስቼ ግድግዳው ጥግ ደረደርኳቸውና ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

“እንግዲያስ እኔም እቆማለሁ።”

“ምን ማለትሽ ነው?” አሉ አያ ደርሶ።

“ዘብ ነበርኩ። ስድስት ሰዓት መቆም ለምጃለሁ።”

ቄስ ሞላ ሳቃቸው መጣና በጺማቸው ደበቁት። እንዲህ ሆነን ቆምን። ባጃጁ ሞተሩን አጠፋ። የጎረቤት ዶሮ መጥታ በመሀላችን አለፈች። ቄስ ሞላ ጥላቸውን ወደ ሸህ ሰይድ አስጠጉ፣ ሸህ ሰይድ መልሰው ገፉላቸው።

“ልጄ፣ ፀሐይ ነው” አሉኝ ቄስ ሞላ በስተመጨረሻ።

“ይቀመጡ አባ።”

“እሺ በይና።”

“እሺ አልልም። ይቀመጡ።”

“እህ፣ ይቺ ልጅ!” አሉና ወደ አያ ደርሶ ዞሩ። “ደርሶ፣ የእኔን ጉልበት አምነህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ ንገራት።”

አያ ደርሶ ተናገሩ። ሻምበል አዳነ እና እኔ ግዳጅ ላይ ሳለን ተቀያይመናል አሉ። እኔ ቂም ይዤበት ነገ ለመርማሪ ልከሰው ነው አሉ። ያንድ ቀዬ ልጆች ስለሆንን ይቅር ልበለውና ነገ “አላየሁም” ባልኩት ልጽና አሉ። ሌሎቹ ሁለቱ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያመኑት ይህን ነው፤ የተነገራቸው ይህ ብቻ ነው።

እኔ ወደ ሸህ ሰይድ ዞርኩ። በራያ ቆላ ስንት ደም ያደረቁ ሰው ናቸው፤ ገዳይና የሟች ወንድም በሳቸው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ያውቃሉ።

“ሸህ፣ እርቅ ሲቀመጡ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?”

“በደለኛ በደሉን በአፉ ይናገራል።”

“ከዚያስ?”

“ተበዳይ ይሰማል። ሊምር ይችላል፣ ላይምርም ይችላል።”

“እንግዲያው በደለኛውን ይጥሩልኝ።”

“እሱማ ዋጃ ነው” አሉ አያ ደርሶ ፈጠን ብለው።

“ባጃጁ ውስጥ ያለው ማነው?”

“ሾፌሩ።”

“ከኋላ የተቀመጠው?”

ሸህ ሰይድ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉት። “ደርሶ፣ በውሸት ላይ ነው እንዴ ያቆምከኝ? ጥራው።”

ሻምበል አዳነ ገባ። የሲቪል ልብስ ለብሷል፤ ከሳ ያለ መሰለኝ። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። እኔን “እንዴት ነሽ ዘነቡ” አለኝ፤ “ደህና” አልኩት።

“በደልህን ተናገር” አሉት ሸህ ሰይድ።

“የምናገረው እዚህ ይቀራል?”

“እርቅ ከሆነ እዚህ ይቀራል።”

ሻምበሉ ተነፈሰ። በሕግ ፊት ሁለት ዓመት አፉን የዘጋ ሰው ነው። ግን እሱም የእኛው ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ፊት የተነገረ ነገር መቃብር እንደገባ ነው ብሎ ያደገ። እናም ተናገረ። መኪናውን የነዳው እሱ መሆኑን፣ ይመርን ወደ መሪው ያዛወረው እሱ መሆኑን፣ ለእኔ ወረቀቱን ያዘጋጀው እሱ መሆኑን። “ልጅቱ እግሯ ተቆረጠ እንጂ አልሞተችም” አለ። “ይመርንም አልረሳሁትም፤ ነገሩ ሲበርድ አወጣው ነበር። ይኸው በአፌ ተናግሬያለሁ። ዘነቡ ትማረኝ።”

ቄስ ሞላ አማተቡ። አያ ደርሶ መሬት መሬት ያያሉ፤ እሳቸውም ሁሉን ያወቁት ያኔ ይመስለኛል።

“ዘነቡን ምን አደረግሃት?” አሉት ሸህ ሰይድ።

“እሷንማ ምንም።”

“ታዲያ ምኑን ነው የምትምርህ?”

ሸህ ሰይድ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ።

“እግሯ የተቆረጠው ልጅ የት አለች?”

“አገሯ።”

“ወንድም፣ አጎት፣ የሚወክላት ሰው እዚህ አለ?”

“የለም።”

“ይመርስ? ጎብዬ ሩቅ ነው? ይህች ባጃጅ አትደርስም ነበር?”

ሸህ ሰይድ ዘንጋቸውን ከተከሉበት ነቀሉት። “ተበዳይ የሌለበት እርቅ የለም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ላይ የእርቅ ማሳረጊያ ፋቲሐ አላነብም።”

“ሸህ፣ እዚህ ይቀራል ብለውኝ ነበር!”

“እርቅ ከሆነ አልኩህ። እርቅ አልሆነም። ይህ በመንገድ እንደሰማሁት ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ አደራ የለውም።”

ያኔ የሻምበሉ ፊት ተለወጠ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ በሩ ላይ “ክፈቺ” ያለኝ ፊት ነው። “ዘነቡ፣ ፈርመሻል” አለኝ። “ነገ ሌላ ብትናገሪ የመጀመሪያው ሐሰት ነበር ማለት ነው። ለሐሰት ቃል ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ?”

“ደንቡን ካንተ በፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ” አልኩት። “ቁጥሩን ልንገርህ?”

ወጣ። አያ ደርሶ ተከተሉት፤ ባጃጁ ሁለቱን ይዞ ሄደ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጥሎብኝ። ቄስ ሞላ ወደ እኔ ቀረብ አሉ።

“ልጄ፣ የንስሐ አባትሽ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?”

“አፍሬ ነው አባ።”

“እንግዲህ ንስሐሽ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ቀበሌው አዳራሽ።” መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ውሃ አመጣሁ። ቄስ ሞላ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ጠጡ፤ ጉልበታቸው እውነትም አልቆ ነበር። ሸህ ሰይድ ግን ጣሳውን በእጃቸው ገፉት።

“ይቀመጡና ይጠጡ እንጂ ሸህ።”

“የመጣሁበት ጉዳይ አላለቀም ልጄ” አሉኝ። ባጃጅ እስክጠራላቸው ቆመው ጠበቁ።

በማግስቱ በእግሬ ሄድኩ። በባጃጅ ብሄድ ቶሎ እደርሳለሁ፤ ቶሎ መድረስ አልፈለግሁም። አዳራሹ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ እቴ ብርቄ፣ የሻምበሉ እናት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ከዋጃ በማለዳ ተነስተው መጥተው ነው። ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው።

“እናትሽ የሞተች ጊዜ ሦስት ቀን ተቀመጥኩልሽ” አሉኝ።

“አልረሳሁም እቴ።”

“እኔ ስሞት ማን ሊቀመጥልኝ ነው? ልጄን ካሳሰርሽው?”

“እኔ እቀመጣለሁ እቴ። ሦስት ቀን። ግን ያቺም ልጅ እናት ይኖራታል።”

ፊታቸውን አዞሩ። ገባሁ።

መርማሪዋ ሻለቃ ናት፤ መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ ድምፅዋ ደረቅ። የቆቦ አቧራ አልተስማማትም መሰለኝ በየመሀሉ ታስነጥሳለች። አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋች።

“ይህ ፊርማ ያንቺ ነው?”

“የእኔ ነው።”

“አላየሁም ይላል።”

“ይላል። ውሸት ነው።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “አስር አለቃ፣ አሁን ያልሽው አንቺንም ያስጠይቃል። መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ልትወጪ ትችያለሽ። ወጥተሽ ልታስቢበት ትችያለሽ።”

“ሁለት ዓመት አስቤበታለሁ። ይጻፉ።”

ጻፈች። ሁሉንም ነገርኳት፤ የገመዱን፣ የመስኮቱን፣ “ልሞክራት” ያለውን፣ የበሩን መከፈት። ስጨርስ መልሳ አነበበችልኝ። በየመስመሩ “አንዲት የአካባቢው ነዋሪ” እያለች ታነባለች። “አንዲት የአካባቢው ነዋሪ ተገጭታ… አንዲት የአካባቢው ነዋሪ እግሯ…”

“ስም አላት” አልኩ።

“ፋይሉ ላይ የለም።”

“አቾል ትባላለች።”

“የአባት ስም?”

“አላውቅም። ግን በቋንቋዋ እስከ አስር መቁጠር አስተምራኛለች። ስሟ ካልገባ አልፈርምም። አንዴ ሳላምንበት ፈርሜያለሁ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም።”

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ከዚያ ዝቅ ብላ በየመስመሩ መሰረዝና “አቾል” ብላ መጻፍ ጀመረች። እየጻፈች ጠየቀችኝ፤ “ስትወድቅ የተናገረችው ነገር ነበር?”

“ነበር።”

“ምን አለች?”

“‘እንደምን አደርሽ’ አለችኝ።”

እስክሪብቶው ቆመ።

“ከቋንቋችን የምታውቀው እሱን ብቻ ነው” አልኩ። “ድረሽልኝ የሚለውን አላስተማርኳትም።”

ሻለቃዋ አላስነጠሰችም፤ አፍንጫዋን ግን በመሐረብ ያዘች። ያንንም ጻፈችው። ፈረምኩ።

ስወጣ ሸህ ሰይድን በሩ ላይ ዘንጋቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። “እኔም የምናገረው አለኝ” አሏት ሻለቃዋን።

“አባት፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ።”

“እገባለሁ። አልቀመጥም” አሏት። ትናንት በጆሯቸው የሰሙትን ቆመው ተናገሩ፣ ቆመው የጣት አሻራቸውን አተሙ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የሆነው ይህ ነው። ወራት ፈጅቶ ይመር ነፃ ወጣ፤ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ቦቴ እየነዳ ነው። ሻምበል አዳነ ተፈርዶበት ታስሯል። እኔንም ጠርተው ስለ መጀመሪያው ፊርማዬ ጠየቁኝ፣ የወቀሳ ደብዳቤ ሰጡኝ። ለሁለት ዓመት ዝምታ አንሷል ብዬ ነው የተቀበልኩት። ደብዳቤውን አልደበቅሁትም፤ ከዘር ከረጢቶቼ በላይ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማንበብ የሚፈልግ ያንብበው። ከዋጃ ችግኝ ሊገዙ የሚመጡ ደንበኞቼ ቀሩ። እቴ ብርቄ ቆቦ ገበያ ሲመጡ መንገድ ያቋርጡብኛል። ቃሌ ቃል ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ሦስት ቀን እቀመጥላቸዋለሁ፤ ቢያባርሩኝም በር ላይ እቀመጣለሁ።

“የአገር ስም አጠፋሽ” የሚሉኝ አሉ። በገበያ መሀል ጮክ ብለው የሚሉኝ አሉ። እኔ ደግሞ እላቸዋለሁ፤ የአገር ስም የጠፋው እኔ ስናገር አይደለም፣ ባንዲራውን ክንዴ ላይ ሰፍቼ ዝም ያልኩ ቀን ነው። በሌላ አገር ሰው ላይ ያጠፋነውን እኛው ካልዳኘነው ማን ይዳኘዋል? ሕጉ ጉዳዩን ወደኛ የላከው ይፈርዳሉ ብሎ እንጂ ይሸፋፍናሉ ብሎ ነው? አቾል ወደ ቆቦ መጥታ አትከስም። ፋይሏ ብቻ ነው የመጣው፤ እሱም ስሟን ሳይዝ።

እናንተም አንድ ቀን ገመድ ይዛችሁ ትቆሙ ይሆናል። የምትስቡት እናንተ ናችሁ፤ “ክፈቺ” ያላችሁ ማንም ይሁን። ይህን ማወቅ እኔን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እናንተን አይፍጅባችሁ።

ሻለቃዋን ደውዬ ጠይቄያታለሁ፤ “ውሳኔው ለአቾል ተነግሯል ወይ?” ብዬ። ደብዳቤው ወዳዘመተን ድርጅት ተልኳል አለችኝ። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያለውን እሷም አታውቅም። ደግሜ ደወልኩ፤ በሦስተኛው “አስር አለቃ፣ አንቺ ተስፋ አትቆርጪም እንዴ?” አለችኝ። አልቆርጥም፤ በየወሩ መጀመሪያ እደውላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሸህ ሰይድ መጡ። ለጓሯቸው የቲማቲም ችግኝ ፈልገው ነው። በርጩማ አወጣሁ፣ ውሃ በጣሳ አቀረብኩ። አላዩትም።

“የልጅቱ ነገር ምን ደረሰ?” አሉኝ።

“እስካሁን አልሰማሁም ሸህ።”

“እንግዲያው እንቁም” አሉ።

በርጩማውን አንስቼ ግድግዳው ጥግ መለስኩና አብሬያቸው ቆምኩ።